ዝናብ የመታው አምባሰል

አምባሰልን ያወቅሁት ከአገሩ በፊት በቅኝቱ ነው። አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቴፑን ይከፍትና የማሪቱ ለገሰን ካሴት ያስገባ ነበር። እኛ ልጆች ራት እስኪቀርብ ድረስ አጠገቡ ተደርድረን እንቀመጣለን። «ይህ ነው አገራችን» ይለናል፣ ጣቱን ወደ ቴፑ እየጠቆመ። እኔም ለብዙ ዓመታት አምባሰል ማለት በዚያች ጥቁር ሣጥን ውስጥ የሚገኝ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ተራራ መሆኑን፣ ወረዳ መሆኑን፣ ሰው የሚያርስበትና የሚራብበት መሬት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ካደግሁ በኋላ ስለ ቅኝቶቻችን ማንበብ ወደድሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ተሸክመዋል። አምባሰልን ከሌሎቹ የሚለየው ጠባይ ገና ከመነሻው ይታያል፤ ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው የሚርቀው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ከዚያች ጠባብ እርምጃ ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው ድምፅ በሰፊው ይዘላል። አንድ ሰው ሊናገር ጀምሮ ቃሉን ከዋጠ በኋላ፣ ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቀጥል እንደመስማት ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ተምሬው፣ በካሴትም ሰምቼው ነበር። የቀረኝ ቢኖር አምባሰልን በአገሩ፣ በአደባባይ ላይ መስማት ነበር።

ዕድሉ የመጣው በኢትዮጵያ ሚሌኒየም መባቻ ነው። ሐይቅ ከተማ የምትኖረው የአባቴ እኅት ደውላ «ለእንቁጣጣሽ ሜዳው ላይ ዘፈን አለ አሉ፤ ልጂቱም ትጨፍራለች፤ ናና አብረን እንይ» አለችኝ። አክስቴን ሁላችንም «እታለም» እያልን ነው የምንጠራት። «ልጂቱ» የምትላት ደግሞ የዐሥር ዓመት የልጅ ልጇን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1999 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተሳፍሬ ደሴ አደርሁ፤ በማግስቱ የቀረችውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሐይቅ ገባሁ። በቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ የካሴት መቅረጫና ሁለት ባዶ ካሴቶች ነበሩ። አባቴ በሕይወት ስላልነበረ፣ የምቀርጸውን የማሰማው ለማን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም።

በአዲሱ ዓመት ጠዋት ከተማዋ ስሟን ወደወሰደችበት ውኃ ወረድሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዛፎቹ ውስጥ ተሸሽጎ ይታየኝ ነበር። ሴት የማይገባበት ገዳም ነውና እታለም ዕድሜዋን ሙሉ የተሳለመችው ከሩቅ ቆማ ነው። ከዳር ያገኘሁት አንድ ታንኳ ቀዛፊ «ዘንድሮ ውኃው ጠግቧል» አለኝ። ስለ ሐይቁ ሲናገር ስለ አንድ ዘመዱ የሚያወራ ይመስል ነበር። ቃሉን ወደድሁትና በማስታወሻዬ ጻፍሁት፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ልብ ብዬ አላሰብሁበትም።

ከምሳ በኋላ ወደ ሜዳው ሄድን። መድረኩ በበርሜሎች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነው። በላዩ ሸራ ተወጥሯል፤ ግራና ቀኙ ቁመታቸው ሰው የሚያህል ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል፤ መብራቱ ከአጠገብ ካለ ሱቅ በሽቦ ተስቧል። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ልጆች አደይ አበባ ይዘዋል፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶችና ሻሽ ያሰሩ እናቶች አንድ ጅባ ላይ ተደራርበዋል። ረመዳን ደጃፍ ላይ ስለነበር ከኋላችን የተቀመጡት ጎረምሶች «ዛሬ እንጨፍርና ነገ እንጾማለን» እያሉ ይቀልዳሉ። እታለም በጋቢዋ ላይ አሮጌ ጥቁር ጃንጥላ ደርባ ይዛ ነበር። ጃንጥላው ለፀሐይ ይሁን ለዝናብ አልነገረችኝም።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች የከተማ ዘፈኖች ነበሩ፤ ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ጩኸት። እኔ ትዕግሥቴ ተሟጦ የባህሉን ክፍል እጠብቃለሁ። የልጆቹ ጭፈራ የመጨረሻው ላይ ነው ተባለ። ዐሥር ሰዓት ገደማ በአምባሰል በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋስ መጣና ሸራውን አርገበገበው፤ ቀጥሎ ካፊያ፤ ካፊያው ገና «ካፊያ ነው» እየተባለ ሳለ ዶፍ ሆነ።

ከመድረኩ ጀርባ አንድ ሰው ሮጦ ሽቦውን ነቀለ። ኪቦርዱን በላስቲክ ጠቀለሉት። ማጉያዎቹ ላይ ኬሻ ጣሉባቸው። የመድረክ መሪው እጁን አፉ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጎ፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ በአየሩ መጥፎነት ምክንያት ዝግጅታችንን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገደናል!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አለ ይሄ ልጅ?» አለችኝ እታለም።

«አየሩ መጥፎ ስለሆነ ተቋርጧል ነው የሚለው።»

«ምኑ ነው መጥፎው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

ከሜዳው ግማሹ ሰው ወደ ሱቆቹ በረንዳ ሸሸ። ግማሹ እዚያው ቀረ፤ ጃንጥላ የዘረጋ፣ ላስቲክ የለበሰ፣ የተቀመጠበትን ጅባ ገልብጦ ራሱ ላይ የደፋ። የቀሩት ሁሉ ሽማግሎች ነበሩ ብዬ ነገሩን ማሳመር አልፈልግም፤ አንድ አዛውንት «እኔስ ጉንፋን አልችልም» ብለው በትራቸውን እየተመረኮዙ ከሁሉ ቀድመው ነው የሄዱት። አጠገባችን የነበረ ገበሬ ግን ኮፍያውን ከማውለቅ በቀር ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «በረዶ አያድርገው እንጂ ይምጣ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ማሽላው ገና ይጠጣል።» የክረምቱ ዝናብ በነሐሴ አጋማሽ ተቆርጦ ከቀረ የወሎ ገበሬ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። አዝመራው ቆሞ፣ አረንጓዴ መስሎ፣ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል።

መድረኩ ላይ የቀሩት የባህል ተጫዋቾቹ ብቻ ነበሩ። መብራት አያሻቸውምና እንጀምር አሉ። ነገር ግን ዝናብ የሚምረው የሙዚቃ መሣሪያ ጥቂት ነው። ከበሮ የቆዳ ነገር ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል። ሲመታም ድምፁ ጤፍ የሞላበትን ስልቻ በጥፊ እንደመምታት ይሆናል። መቺው በደኅና ቀን ቢሆን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወይም እሳት አሳይቶ ይወጥረው ነበር፤ ያን ዕለት ፀሐይም እሳትም የለም። ማሲንቆውም እንዲሁ ነው። ፊቱ ቆዳ፣ አውታሩም የደጋኑ ጭራም የፈረስ ፀጉር ነው፤ በእጣን ታሽቶ ነው የሚነክሰው፤ ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ይሞታል። ማሲንቆ መቺው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ቆረጠና መሣሪያውን እንደ ሕፃን ኮቱ ውስጥ ደበቀው።

በዚህ ጊዜ አንዲት የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባዎቹ የሚጠጋ ዘፋኝ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች። ስሟን አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም አላገኘኋትም። ያለ መሣሪያ፣ ያለ ማጉያ አምባሰልን ጀመረችው። ያቺ ጠባብ እርምጃ ከዝናቡ ሥር ቀስ ብላ ወጣች፤ ከዚያ ያ ሰፊ ዝላይ ተከተለ። ወንዶቹ በጭብጨባ ተቀበሏት። እኔ መቅረጫዬን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ፊት ለመጠጋት ተነሣሁ። ከዚያ ወደ እታለም ዞር ብዬ ሳያት ጋቢዋ ጫፉ ድረስ ርሶ፣ ውኃው በእግሮቿ መካከል ይፈስሳል። ሰባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት። ደነገጥሁ።

«እታለም፣ ተነሺ እንሂድ። ትታመሚያለሽ።»

«አብሽር፣ አልታመምም። ልጂቱ ገና አልጨፈረችም።»

«በዚህ ዝናብ ልጆቹን አያስጨፍሯቸውም።»

ዝም አለች። ዘፋኟን እያየች እንደቆየች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ባቲን ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ የማፍርበትን መልስ ያን ጊዜ መለስሁላት። «ቅኝቱን ነው?» አልኋት።

«ቅኝቱንማ እኔ ምን አውቃለሁ። እኔ የማውቀው መጠለያውን ነው።»

እታለም በ1977 ዓ.ም. ከአገሯ ወጥታ እንደነበር አባቴ ነግሮናል። ከዚያ በላይ አልነገረንም፤ እርሷም አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በዚያ ዶፍ ሥር የነገረችኝም ረጅም አይደለም። በጥቅምት ከአምባሰል ተነሡ። አምስት ቀን በእግር ሄዱ። ባሏ ትልቁን ልጅ፣ እርሷ ታናሺቱን ይዘው፣ በደሴ አድርገው፣ በኮምቦልቻ አድርገው፣ ባቲ ደረሱ። እህል ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ይሰጥም ነበር፤ ሰው ግን ከእህሉ ይበዛ ነበር። «ስንሄድ አራት ነበርን» አለች። «ስንመለስ እኔና ልጄ።» ልጄ የምትለው የልጂቱን አባት ነው።

ከዚያ ጃንጥላዋን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ወደ ላይ አየች።

«ሰማዩ ግን እንዴት ያምር ነበር መሰለህ። አንዲት ደመና የለችበት። ጠዋት ስትነሣ ብራ፣ ማታ ስትተኛ ኮከብ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በብራ ነው፣ የኔ ጌታ። አሁን ይሄ ልጅ ተነሥቶ ይሄንን መጥፎ አየር ይለዋል።»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ስለ ባቲ ቅኝት ገጾች ጽፌ ነበር፤ ስለ ድምፆቹ ርቀት፣ ከትዝታ ስለሚለይበት መንገድ። በእነዚያ ገጾች ውስጥ ስሙ ከቅኝት በቀር የማንም ሰው ነገር አልነበረም። ቁጭ አልሁ። መቅረጫዬን ከነፌስታሉ ጉልበቴ ላይ አኖርሁና ቁልፉን ተጫንሁት። ወደ መድረኩ መጠጋቱን ተውሁት።

ዘፋኟ ጨርሳ ስትወርድ፣ እኔ አይደረግም ያልሁት ተደረገ። ልጆቹ ወጡ። ጫማቸውን መድረኩ ሥር ደርድረው፣ በባዶ እግራቸው፣ ጭቃ ላይ ቆሙ፤ ጣውላው ያንሸራትታል ተብሎ ነው። ከበሮው አይሠራም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው። በረንዳ ላይ የነበሩትም አንድ በአንድ ተመለሱ። ልጂቱ ትከሻዋን እየሰበቀች ሁለት እርምጃ ወደ ፊት እንደሄደች አዳለጣትና በቁጢጥ ወደቀች። ሜዳው ሳቀ። እርሷም ሳቀች፤ ተነሥታም ካቆመችበት ቀጠለች። በዚህ ጊዜ እታለም፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ፣ እልል አለች። ድምፁ ከዚያች ደቃቃ ሴት የወጣ አይመስልም ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ልብሳችን እየተነነ ሳለ፣ ስለማውቀው አንድ ዘፈን ላጫውታት አሰብሁ። የእንግሊዙ ቴሌቪዥን የኮረምን ርሃብ ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ያንኑ ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት አዘጋጁ። በአንድ ቀን በለንደን ወደ 72 ሺሕ፣ በፊላደልፊያ ወደ 90 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ስታዲየም ገብቶ፣ የቀረው ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተው። የዓለም ስመ ጥር ዘፋኞች ተራ በተራ ወጡ። ይህን ሁሉ ነገርኋትና «ለእናንተ ተብሎ ነው የተዘፈነው» አልኋት።

«መቼ ነው ያልኸኝ?»

«ሐምሌ፣ በ77።»

ጥቂት አሰበች። «ሐምሌማ እኛ ተመልሰን እየዘራን ነበር። በሬ አልነበረንም፤ በዶማ ነው የቆፈርነው። ዝናቡ ይዞልን ነበር።» ቀጥላም በጨዋነት፣ «እግዜር ይስጣቸው» አለች።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ሌላም ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1969 በኒውዮርክ ግዛት፣ ዉድስቶክ በተባለው የሦስት ቀን የሙዚቃ በዓል ላይ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ማዕበል መጣ። በፊልም እንዳየሁት፣ ሜዳውን የሞላው ወጣት ዝናቡ እንዲቀር በአንድ ድምፅ ወደ ሰማይ ይጮኽ ነበር። ያን ትዕይንት ከዚያ በፊት ስመለከት ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም አልነቅፈውም፤ ከመቶ ሺሕ በላይ ሰው ጭቃ ላይ ሲቀመጥ ዝናብ ይቁም ቢል ምን ይደንቃል? እኔም ያን ዕለት በልቤ ስል የነበረው ያንኑ ነው። ነገር ግን በወሎ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ ምሕላ ይዞ፣ ሕዝበ ሙስሊሙ ዱዓ አድርጎ፣ ወደዚያው ሰማይ የሚጮኸው ተቃራኒውን ነው። ዝናብ ሁሉ ደግ ነው እንዳልልም ጎርፍ አለ፣ አዝመራ የሚያጭድ በረዶ አለ። የእታለምም ነገር ያ አልነበረም። እርሷ የተከፋችው የማያውቅ ሰው ለሰማይ ስም ሲያወጣለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካሴቱን ከፈትነው። ከልጂቱና ከአባቷ ጋር አራት ሆነን አዳመጥን። ሻሻሻሻ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ከጀርባው፣ በጣም ከሩቅ፣ ዘፋኟ ትሰማለች፤ አለዚያም የምትሰማ ይመስለናል። ፌስታሉ ላይ የሚወርደው ጠብታ የአምባሰልን ዝላይ ሁሉ ውጦታል። መጨረሻው ላይ የእታለም እልልታ ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ። «ዝናብ ነው የቀረጽኸው» አለች ልጂቱ። እታለምም «ምነው ዘፈኑን በደንብ በሰማነው ኖሮ» ብላ አዘነችልኝ። ያን ያህል መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን መመለሴ ነው የቆጫት።

ካሴቱን ግን አልጣልሁትም።

ስምንት ዓመት አለፈ። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይይዝ ቀረ። ኤልኒኞ የተባለው የውቅያኖስ ሙቀት ነው ይሉ ነበር በራዲዮ፤ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ወሎም ከተጎዱት መካከል ነበረች። በነሐሴ መጨረሻ ወደ ሐይቅ ደወልሁ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጂቱ ትምህርት ተጠያየቅን። አየሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ብራ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ያቺ አንዲት ቃል ከእርሷ አፍ ስትወጣ ምን ማለት እንደሆነች አውቃለሁና ዝም አልሁ።

ከዚያ «ያ የቀረጽኸው አለህ?» አለችኝ።

«የትኛው?»

«የእንቁጣጣሹ።»

«አለ። ግን ዘፈኑ እኮ አይሰማም፣ እታለም።»

«ዘፈኑን ተወው። ዝናቡን አሰማኝ።»

አሮጌውን ቴፕ ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄ አቧራውን ጠርጌ ሰካሁት። ስልኬን ከድምፅ ማውጫው አጠገብ አስጠጋሁት። ያ ሻሻሻሻ የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከወዲያ በኩል ምንም አይሰማም፤ የምትተነፍስ መሆኗን ብቻ አውቃለሁ። ጭብጨባው መጣ፣ የሜዳው ሳቅ መጣ፣ የራሷ እልልታ መጣና አለፈ፤ ዝናቡ ቀጠለ።

ብዙ ከቆየች በኋላ «ይበቃል የኔ ጌታ» አለችኝ። «ሂሳብህ ያልቃል።»

ሂሳቤ አላለቀም ነበር። የካሴቱ ገጽ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ከቦታው አላነሣሁትም። እርሷም አልዘጋችውም።